ተገላብጣችኋል ተባልን

ቅዳሜ፣ ጥር 29 ቀን 2002

ዛሬ ከሲሳይ ጋር የቅድመ ጋብቻ ትምህርት ጀመርን። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ይህን ትምህርት ሳይጨርስ የሚያገባ የለም። ትምህርቱ ካላለቀ ምስክር ወረቀት አይሰጥም፤ ምስክር ወረቀት ከሌለ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጋሼ ሀይሌ እሑድ መድረክ ላይ ወጥተው ስማችንን አያነቡም፤ ስማችን ካልተነበበ ሠርግ የለም። ሠርጋችን ሚያዝያ 30 ነው። ድንኳን ተይዟል። ድንኳኑ የሚተከልበትን ሜዳ የለካሁት እኔው ነኝ። ሙሽራዋ የውኃ መሐንዲስ ሆና ሳለች ሜዳውን ሌላ ሰው ይለካል እንዴ?

አስተማሪያችን ወንድም ደግፌ ነው። ሐዋሳ ለሥልጠና ሄዶ በተመለሰ በሳምንቱ የሰው ባሕርይ ሊቅ ሆኖ ቁጭ ብሏል። የተባዛ ወረቀት አደለን። ሰው ሲወስን ሁለት ዓይነት ነው አለ፦ በሐሳብ የሚወስን አለ፣ በስሜት የሚወስን አለ። እኛ ከየትኛው እንደሆንን ወረቀቱ ይነግረናል። ጥያቄዎቹ እንዲህ ናቸው፦ "ጓደኛህ የሠራው ሥራ ስሕተት አለበት። ሀ/ ስሕተቱን ትነግረዋለህ። ለ/ እንዳይከፋው ብለህ ታልፈዋለህ።" እኔ "ሀ"ን ከበብኩ። ሲሳይ ጥያቄውን ሁለት ጊዜ አነበበና "መጀመሪያ ሻይ ልጋብዘው አይልም?" አለኝ በጆሮዬ። ከዚያ "ለ"ን ከበበ።

ሲሳይ የዶርዜ ልጅ ነው። አባቱ ሸማኔ፣ እሱ ነርስ። መዝሙር ሲዘምር ያለቅሳል። ሕፃን መርፌ ሲወጋ ከሕፃኑ ጋር ያለቅሳል። አግቢኝ ብሎ የጠየቀኝም እያለቀሰ ነው። እሺ ያልኩት ለዚያ ይመስለኛል።


ሰኞ፣ የካቲት 1

የመስኖው ቦይ ላይ ዋልኩ። ፎርማኑ ሲሚንቶ ቀንሶ ሞልቷል። አስፈረስኩት። "አንቺ እኮ ወንድ ነሽ!" አለኝ። እየመረቀኝ ነው።


ቅዳሜ፣ የካቲት 6

ተናድጃለሁ። ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ውጤቱ ተነበበ። ለየብቻ ጠርቶ ቢነግረን ምን ነበረበት? በሁሉም ፊት፣ ጥንድ ጥንዱን እያስነሣ ነው ያነበበው። "ወንድም እገሌ፣ ሐሳብ። እህት እገሊት፣ ስሜት። ጌታ ይመስገን።" የሚቀጥሉትም እንዲሁ። የሚቀጥሉትም። ወንዱ ሁሉ ሐሳብ፣ ሴቱ ሁሉ ስሜት፤ ከአንድ ሻጋታ የወጣ ብሎኬት። እኛ ጋ ሲደርስ ወረቀቱን ገለበጠው። መልሶ ገለበጠው።

"ሲሳይ... ስሜት።"

ከኋላ አንዱ ሳቀ።

"ኢያኤል... ሐሳብ።"

ሳቁ ቆመ።

ወንድም ደግፌ መነጽሩን አወለቀ። "ራስ ወንድ ነው፣ ራስ ያስባል። ሴት ልብ ናት፣ ልብ ይሰማዋል። እናንተ ተገላብጣችኋል" አለ። በሽታ እንዳገኘብን ሐኪም ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ዝም አላልኩም። "ወንድም ደግፌ፣ በእኛ አገር ሰው የሚያስበው በልቡ አይደለም እንዴ? 'ልብ በል' እንጂ 'ጭንቅላት በል' የሚል ሰው ሰምተህ ታውቃለህ?" አልኩት። ሴቶቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። "ይኸው፣ የምለውም ይህንኑ ነው" አለ ወደ ሲሳይ ዞሮ። እኔ ተናግሬ መልሱ ለሲሳይ! ጉዳያችንን ለሽማግሌዎች አቀርባለሁ፣ እስከዚያ በጸሎት ሁኑ ብሎ ሸኘን።

ሲሳይ መንገዱን ሁሉ ሲስቅ ነበር። ላይኛው አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ቤታችን ድረስ በባጃጅ ሸኘኝና "እኔ ልብ፣ አንቺ ጭንቅላት። አንድ ሙሉ ሰው ወጣን እኮ፤ ምን ጎደለን?" አለኝ። ደስ አለኝ። ሲሰናበተኝ ግን "ያ የሳቀው ማን ነበር?" ብሎ ጠየቀኝ። አላየሁትም አልኩት።


ማክሰኞ፣ የካቲት 9

እማዬ ሰምታለች። ከታች ከሲቀላ ላይ ሴቻ ድረስ ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል።

"ምን ብለሽ ነው የሞላሽው?" አለችኝ።

"እውነቱን።"

"እውነቱን ሙዪ ያለሽ ማን ነው?"

ቤቲ፣ ታናሽ እህቴ፣ በሳቅ ፈነዳች። እማዬ ግን አልቀለደችም። "ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ ሲባል አልሰማሽም?" አለች። ሰምቻለሁ፣ ከአንቺ ነው የሰማሁት አልኳት። ከዚያ በኋላ እራት ላይ ቆጮውን በዳታ፣ በዚያ በሚፋጅ የቃሪያ ድልህ፣ በላን፤ ዳታው አቃጠለኝ እንጂ አላለቀስኩም።

ከተቆጣሁ አይቀር ብዬ ፈተናው የተተረጎመበትን የእንግሊዝኛ ቅጂ ቢሮ ወስጄ አነበብኩት። ወንድም ደግፌ ያልተረጎመው አንድ ሙሉ ገጽ አለ። ሁለቱም የመወሰኛ መንገዶች ናቸው ይላል፤ አንዱ ከሌላው አይበልጥም። በሐሳብ መወሰን ማለት ከነገሩ ትንሽ ራቅ ብሎ ማየት ነው እንጂ ፍቅር ማጣት አይደለም። በስሜት መወሰን ማለት ነገሩ የሚነካውን ሰው አስቀድሞ መመዘን ነው እንጂ እንባ አይደለም፣ ሞኝነትም አይደለም። ወንዶች በብዛት እዚህ፣ ሴቶች በብዛት እዚያ ይገኛሉ፤ ግን ብዙ ሰው ከዚህ ውጭ ነው፣ ምንም ችግር የለውም ይላል። ምንም ችግር የለውም! "በብዛት" የሚለውን ወንድም ደግፌ ትእዛዝ አድርጎት መጣ።

ይህን ላነብለት ለሲሳይ ደወልኩ። "ኢያዬ፣ እኔ እኮ ያሳሰበኝ..." ብሎ ሲጀምር ጨረስኩለት፤ ምን ሊል እንደሆነ አውቃለሁ። የሽማግሌዎቹ ነገር ነው። ለእነሱም አነብላቸዋለሁ አልኩት። እሺ ብሎ ዘጋ።


ረቡዕ፣ የካቲት 17

አክስቴ ስመኝ አረፈች። የአባቴ እህት ናት፤ ተራራው ላይ፣ ኦቾሎ መንደር ነበር የምትኖረው። አባቴ ከሞተ ወዲህ ክረምቱን ሁሉ እሷ ጋ ነበር የማሳልፈው። ከቤቷ በር ላይ አባያ ሐይቅ ወለል ብሎ ይታያል። ውኃ ተማሪ ያለችኝ እሷ ናት።

ስደርስ የለቅሶው ድንኳን በአንድ በኩል ወድቋል። ለለቀስተኛ የሚሆን ውኃ የለም። ሣጥኑ አጭር ነው። አጭር! ስመኝ ረጅም ሴት ነበረች፤ ከጓሮ እንሰቱ በላይ ራሷ የሚታይ ሴት ነበረች። ማንም ልብ አላለም፣ ሁሉም ያለቅሳል። ሣጥኑን አስመለስኩ። አናጢው ፊት ቆሜ አስለካሁት፣ እስኪጨርስም ከዚያ አልተነቃነቅኩም። አክስቴ እግሯን አጥፋ አትቀበርም።

ሣጥኑ ሲመጣ ሴቶቹ ያዩኛል። አንዷ ለሌላዋ "ይህች ልጅ እንባ የላትም እንዴ?" ስትል ሰማሁ። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ተስፋ አለንና እንደሌላው ሕዝብ አትጩኹ እያለ ነው ያሳደገን። ስጮኽ ኃጢአት፣ ዝም ስል ድንጋይ። አንዱን ምረጡልኝ!

ሲሳይ አክስቴን የሚያውቃት ሁለት ጊዜ አይቷት ነው። ከሁላችንም በላይ ያለቀሰው እሱ ነው። ሣጥኑን ከተሸከሙት ጋር ገብቶ እንባው መንገዱን ሲጋርደው ለቀቀው፤ ሌላ ሰው ተካው። ወንድም ደግፌ ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጋር መጥቶ ኖሮ ቆሞ ያያል፤ መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ እኔን። ሲሳይን "በቃህ፣ ሰው እያየህ ነው" አልኩትና ባዶውን የውኃ በርሜል ላስሞላ ሄድኩ። ያለ ሥራ መቆም አልችልም ነበር።

አጎቴ ኤርጫፎ ከቀብር በኋላ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። አማርኛ ብዙ አይቀናውም። "ሣጥን ጥሩ ነው። አንቺ ጥሩ ሠራ" አለኝ። ቀኑን ሙሉ የሰማሁት ደግ ቃል እሱ ብቻ ነው።


ቅዳሜ፣ የካቲት 27

ሽማግሌዎች ወስነዋል። "በጸሎት ሆናችሁ ፈተናውን ድጋሚ ውሰዱ" አሉ። ወንድም ደግፌ የቀብሩን ነገር ማስረጃ አድርጎ አቅርቧል! "እኅታችን በአክስቷ ቀብር ላይ ስታዝዝ ነበር፣ ወንድማችን ደግሞ..." ብሎ አልጨረሰውም።

ያልተረጎመውን ገጽ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። አየው። "ይህ ለፈረንጅ ነው" አለ። ፈተናው ራሱስ የማን ነው? የጋሞ አባቶች በዱቡሻው ሸንጎ ተሰብስበው ያወጡት ነው? ሲሳይ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ነካ አደረገኝ። ዝም በይ ማለቱ ነው። ዝም አልኩ። ምን ነካኝ?

ሲኒ ለማጠብ ወደ ጓዳ ገባሁ። እህት ጽጌሬዳ፣ የወንድም ደግፌ ሚስት፣ ሻይ እየቀዳች ነበር። የክላሱን ሒሳብም፣ ሰዓቱንም፣ ወንበሩንም የምታደራጅ እሷ ናት፤ እሱ መጸለይና መናገር ነው። "አይዞሽ" አለችኝ እየሳቀች። "እኔንም ሦስት ጊዜ አስሞልቶኛል። በሦስተኛው ስሜት ወጣልኝ።" ከዚያ ብርጭቆዎቹን ደርድራ "ወንድም ደግፌ ሻይ በስኳር አይወድም፣ ይሄኛው የእሱ ነው" ብላ ወጣች።

አስቃ ሄደች። እኔ ግን ያንኑ ሲኒ ሁለት ጊዜ አጠብኩ።


ቅዳሜ፣ መጋቢት 4

ሲሳይ ድጋሚ ሞላ። ሐሳብ ወጣ። ወንዶቹ አጨበጨቡለት። ትከሻውን መቱት። ያ የካቲት ላይ የሳቀው ልጅ አቀፈው።

እኔ ባዶውን መለስኩ።

"ለእኛ ብለሽ" አለኝ ውጭ። "አንድ ወረቀት ነው። ሞልተሽ ትገላገያለሽ።"

"አንተ እንዴት ሞላኸው?"

"አንቺ ብትሆኚ ምን ትመልሻለሽ እያልኩ ነው የሞላሁት።"

በሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር።


ሐሙስ፣ መጋቢት 9

ሲሳይ ቤት ተከራይቷል። እኔ ሳላየው! ሲቀላ፣ ከመነኸሪያው ጀርባ፣ ጥሩንባ ሲነፋ የሚያድርበት ሰፈር። ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ እንኳ አልጠየቀም። የውኃ መሐንዲስ ሊያገባ ውኃ የሌለው ቤት ተከራየ።

ለምን አልነገርከኝም ስለው "አስቤበት ነው" አለኝ።

ድሮ "ምን ይመስልሻል?" ነበር የሚለኝ። ገበያ ላይ ሙዝ ሲገዛ እንኳ ይጠይቀኝ ነበር። ሰልችቶኝ "አንተ ምረጥ!" ያልኩት ቀን አለ። አሁን መረጠ።


ሰኞ፣ መጋቢት 13

አስቤበት ነው። ሚዜዎቹን አስቤበት ነው። የእማዬን ዘመዶች የት እንደሚያስቀምጥ አስቤበት ነው። ከሠርግ በኋላ መስክ መውጣት ትተሽ ቢሮ ብትሆኚ ይሻላል፣ አስቤበት ነው።

ሳታገባኝ በፊት እንዲህ ካሰብክ ካገባኸኝ በኋላ ምን ልታስብ ነው?

ለማንም አልነገርኩም። ደህና ነኝ።


ማክሰኞ፣ መጋቢት 14

ሲሳይ የሚሠራበት ክሊኒክ ውስጥ ከቆላ የመጣ የወባ ሕፃን ሞተ። ሳምንቱን ሙሉ ስለ ልጁ ሲነግረኝ ነበር፤ ጥርሱ እንዴት እንደወለቀ፣ የሲሳይን ጣት ይዞ አለቅም እንዳለ። ዛሬ ስጠይቀው "ዘግይቶ ነው የመጣው። ቀድመው ቢያመጡት ይድን ነበር" አለኝ። ሌላ ምንም የለም። ሪፖርት። ሻዩን ፉት አለና የወንበር ኪራይ ስንት እንደሆነ ጠየቀኝ።

እስኪያለቅስ ጠበቅሁ። ሻዩን ጨረሰ።

ወንድም ደግፌን በዚህች ሰዓት ባገኘው ምን እንደማደርገው ለጌታ ብቻ ነው የምነግረው።


ቅዳሜ፣ መጋቢት 18

ሞላሁት።

ልጻፈው እንጂ፣ ከማን ነው የምደብቀው? እማዬ ማለዳ "ድንኳን ተይዞ፣ ዘመድ ተጠርቶ፣ በአንቺ እልህ ሊቀር ነው?" ብላ ተንበርክካ ስትጸልይ ሰማኋት፤ እኔ እንድሰማ ጮክ ብላ። ቤቲ ጫማዬን ጠረገችልኝ። ሲሳይ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ሄድኩ። እያንዳንዱን ጥያቄ ሳነብ የማላውቃት ሴት ፊቴ መጣች፤ ሲያማት የማትናገር፣ የተሳሳተ ሣጥን ሲመጣ የምታለቅስ፣ ማንንም የማታስቀይም ሴት። እሷ የምትመልሰውን መለስኩ።

"ስሜት!" አለ ወንድም ደግፌ። "ሃሌሉያ!" አጨበጨቡ። ሴቶቹ አቀፉኝ። ሰው ሁሉ ከሕመም እንደዳንኩ ሁሉ ደስ አለው። እህት ጽጌሬዳ ብቻ አላጨበጨበችም፤ ሻይ ልታመጣ ሄደች።

ምስክር ወረቀቱ ተፈረመ። ሲሳይ እጄን ያዘኝና "አየሽ? አለቀ" አለኝ። እጁን አልለቀቅኩም፣ ግን ቢለቀኝ ደስ ባለኝ ነበር። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይል ነበር አባቴ። ምን ዓይነት አረም እንደሚበቅል እያየሁ ነው።


እሑድ፣ መጋቢት 26

ፋሲካ። ሲሳይ እኛ ቤት ዋለ። ከአጎቶቼ ጋር ከላይ ተቀመጠ፤ ድሮ ጓዳ ገብቶ ከቤቲ ጋር ሽንኩርት ይከትፍ ነበር። ከእነሱ አንዱ ስለ መስኖው ቦይ ሲጠይቀኝ ሲሳይ መለሰ። ስለ ቦዬ! መልሱ ስሕተት ነበር። አላረምኩትም። "ሀ/ ትነግሪዋለሽ፣ ለ/ እንዳይከፋው ታልፊዋለሽ።" አለፍኩት። ስሜታዊ ነኝ።

እማዬ ደስ ብሏታል። "አሁን ወንድ ወጣው" አለች ለቤቲ፣ ሳህን እያነሣች።


እሑድ፣ ሚያዝያ 3

ስማችን ተነበበ። የመጀመሪያው ንባብ። ጋሼ ሀይሌ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ እኔን ኢያኤል ደምሴ፣ እሱን ሲሳይ ዋናካ ብለው አነበቡ። "ይህ ጋብቻ እንዳይሆን የሚያደርግ ነገር አውቃለሁ የሚል ወንድም ወይም እኅት ካለ ይናገር።" አንድ ሕፃን አስነጠሰው፣ ሰው ሳቀ።

ላቤ ጀርባዬን ሲወርድ ተሰማኝ። ሙቀቱ ነው። አርባ ምንጭ በሚያዝያ።

ሁለት ንባብ ይቀራል።


ሐሙስ፣ ሚያዝያ 7

ከሥራ ቀጥታ ክሊኒኩ ሄድኩ። ውጭ፣ ማንጎው ሥር ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ለዚያ ሕፃን አልቅሰህ ታውቃለህ ወይ አልኩት።

"ወንድ ልጅ እኮ..."

"ይሄን ደግፌ ነው ያስተማረህ፣ አንተ እንዲህ..."

"አስጨርሺኝ!" አለኝ። ጮኾ። ሕመምተኞቹ ዞረው አዩን። "ደግፌ አይደለም። ደግፌ ያለኝ ሚስትህ እንድታከብርህ ከፈለግክ በሐሳብ ወስን ብቻ ነው። አንቺ ነሽ። ኦቾሎ ላይ፣ ሰው ሁሉ ፊት፣ 'በቃህ' ያልሽኝ አንቺ ነሽ። 'ሰው እያየህ ነው' ብለሽ ጥለሽኝ ሄድሽ። ሣጥኑን ጥዬ፣ ተዋርጄ ቆሜ፣ አንቺ ውኃ ልትቀጂ ሄድሽ።"

ውኃ የሚቀዳ ሰው አልነበረም እኮ! ሁለት መቶ ሰው ተጠምቶ ሊሄድ ነው? ይህን አልኩት። እውነት ነው፣ የሚቀዳ ሰው አልነበረም።

"አውቃለሁ" አለኝ። "ሁልጊዜ ትክክል ነሽ።"

ተነሥቶ ገባ። ተናድጄ ወደ ቤት በእግሬ ወጣሁ፤ ያን ሁሉ ዳገት፣ ባጃጅ እያለ። "በቃህ" ያልኩት ሌሎቹ እንዳይስቁበት ብዬ ነው። ለእሱ ብዬ ነው። ይህን እንዴት አይረዳም? ያን ውጤቱ ሲነበብ የሳቀበትን ልጅ እኮ አይቼዋለሁ። ማን እንደሆነ አውቃለሁ። እንዳይከፋው ብዬ ነው ያልነገርኩት።

ስጽፈው ሌላ ይመስላል። ነገ አነብበዋለሁ።


ዓርብ፣ ሚያዝያ 8

አነበብኩት። አልተስተካከለም።


እሑድ፣ ሚያዝያ 10

ገና ከቤተ ክርስቲያን መመለሴ ነው።

ጋሼ ሀይሌ ሁለተኛውን ንባብ አነበቡ። ሲሳይ ከመዘምራኑ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጧል። ሲዘምሩ አይቼዋለሁ፤ አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ዓይኑ ደረቅ ነው። "የሚያውቅ ካለ ይናገር" አሉ ጋሼ ሀይሌ። ተነሣሁ።

"አለኝ" አልኩ።

መጀመሪያ ለጸሎት የተነሣሁ መስሏቸው "አሜን" ያሉ ነበሩ። ጋሼ ሀይሌ በመነጽራቸው ላይ አዩኝ።

"ኢያኤል፣ ልጄ፣ ተቀመጪ። ይህ ጥያቄ ለሙሽራ አይደለም።"

"ወንድም ወይም እኅት ነው ያሉት። እኔ እኅት ነኝ።"

ከሴቶቹ በኩል የእማዬ ነጠላ ሲወድቅ አየሁ። ቀጠልኩ፤ ባልቀጥል እቀመጥ ነበር። "ሲሳይ ሐሳብ አይደለም። እኔም ስሜት አይደለሁም። ፈተናውን ሁለታችንም ዋሽተን ነው ያለፍነው። የመጀመሪያው ነበር እውነቱ። እኔን ያጨኝ ያ የመጀመሪያው ሰው ነው። አሁን ልታጋቡኝ ያላችሁትን ሰውዬ አላውቀውም፤ ለእሱ የምትድሩለትን ሴትዮም አላውቃትም። ሰው የማያውቀውን አያገባም። ተቃውሞዬ ይኸው ነው።"

እንዲህ በሥርዓት አልተናገርኩት ይሆናል። ድምፄ ተሰብሮ ነበር፣ በንዴት።

ወንድም ደግፌ ከፊት ወንበር ብድግ አለ። አንድ እጁን ወደ እኔ ዘርግቶ፣ ለጉባኤው ሁሉ "አያችሁ?" አለ። "አያችሁ ወገኖቼ? ይኼ ነው ስሜት! ድጋሚው ፈተና ትክክል ነበር!"

አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ። በእውነት ነቀነቀ! ሳላለቅስ ድንጋይ፣ ስናገር ስሜት። ምን ባደርግ ነው ይህ ሰው የሚሳሳተው?

ጋሼ ሀይሌ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። "ማስታወቂያው ለጊዜው ተነሥቷል" አሉና መዝሙር ጠሩ። መዘምራኑ ተነሡ። ሲሳይ አልተነሣም። ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል። እኔ በመካከሉ ባለው መንገድ ወጣሁ፤ በሩ ጋ እህት ጽጌሬዳ ሕፃናት ልትቆጣጠር ቆማለች። በሩን ከፈተችልኝ። እስከ መጨረሻው ከፈተችው።

እማዬ አታናግረኝም። ድንኳኑን ማን ይመልሰዋል ትላለች ለግድግዳው።


ረቡዕ፣ ሚያዝያ 13

ሲሳይ መጣ። ሦስት ቀን ስልክ አላነሣም፤ ዛሬ አመሻሹ ላይ ከደጃችን ቆሞ አገኘሁት። ግባ አልኩት፤ አልገባም። አጥሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እኔ ቆሜ ቀረሁ።

"አዋረድሽኝ" አለኝ።

"አዎ።"

"ማታ ማታ ሰዎቹ ይደውሉልኛል። 'ተውካት ወይ?' ይላሉ። አባቴ ከዶርዜ ወርዶ መጥቷል፤ ሽመናውን ትቶ። ምን እንደምለው አላውቅም።"

እኔም ተናድጄ ነበር። አሁንም ተናድጃለሁ። በደግፌ፣ በሽማግሌዎቹ፣ በእማዬ፣ ከሁሉም በላይ ሁለቴ በሞላው በዚህ ሰው። አንድ ጊዜ ለእነሱ ብለህ ከሞላህ ነገስ ለማን ብለህ ምን ትሞላለህ አልኩት። ጮኽኩ። ቤቲ ከመስኮቱ ስታይ መጋረጃው ይንቀሳቀሳል። እሱም ጮኸ። አንቺ ደግሞ ሰው ሞልቶ ሳይጨርስ ወረቀቱን የምትነጥቂ ሴት ነሽ አለኝ። ጎረቤት ወጣ። ወደ ቤት አልገባንም፤ እዚያው ተጨቃጨቅን፤ እስከ ዛሬ ተጨቃጭቀን የማናውቀውን ያህል።

ከዚያ ደከመን። ፀሐዩ ከተራራው ጀርባ ገባ። ሲሳይ አንገቱን ደፍቶ "እሑድ ስትነሺ፣ ከተናደድኩባቸው ሰዎች ሁሉ በላይ ተናደድኩብሽ" አለኝ። ቀጥሎ "ቀለለኝም" አለ። ቀና ብሎም አየኝ። "አሁን ምን እናድርግ?"

መልሱ ነበረኝ። ሰኞ ጠዋት ነበር ያሰብኩት። ማዘጋጃ ቤት መጋባት፤ እዚያ ክላስ የለም፣ ፈተና የለም፣ ደግፌ ራስና ልብ የሚያነብበት መድረክ የለም። ምስክሮቹን አውቃቸዋለሁ፤ አጎቴ ኤርጫፎን አስቀድሜ አናግሬዋለሁ፣ እሺ ብሏል። ቀኑን መርጫለሁ። ያንን ከመነኸሪያው ጀርባ ያለውን ቤትም እንዴት እንደምንለቅ አስቤበታለሁ። ሁሉም ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ አፌን ከፈትኩ።

ዘጋሁት። ድንጋዩ ላይ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"አንተስ ምን ትላለህ?" አልኩት።

ሲጀምር ከሩቅ ነው የጀመረው፤ ከዚያ ሕፃን፣ ከክሊኒኩ አልጋ፣ ከኦቾሎ፤ ስለ ሠርጉ የሚደርስበት አይመስልም ነበር። አንዳንዱ ስሕተት ነበር፣ ቀኖቹንም አቀያይጧቸዋል። ሁለት ጊዜ እንባው መጥቶ ቆመ፣ ሁለት ጊዜ ጠበቅሁት። ጨለማው ሳናውቀው መጣ፣ እማዬ መብራት አበራች፣ እሱ ገና እየተናገረ ነው። እስኪጨርስ አላቋረጥኩትም።